የቁም ተዝካር

በጎጃም ገጠር ዕድሜው የገፋ ሰው ማታ ወደ መኝታው ሲሄድ ለራሱ ከሚለምናቸው ነገሮች ሁሉ የምትቀድመው «አሟሟቴን አሳምርልኝ» የምትለው አጭር ልመና ናት። ልመናዋ ብታጥርም ብዙ ነገር ይዛለች። በቤት ውስጥ፣ በገዛ መደብ ላይ፣ ንስሐ ገብቶ መሞት፤ ዓይን የሚከድን ዘመድ ማግኘት፤ በንጹሕ ሸማ መገነዝ፤ በደብሩ ቅጽር ውስጥ ከአባትና ከእናት ዐፅም አጠገብ ማረፍ፤ ፍትሐቱ ሳይጓደል፣ ተዝካሩ ሳይታጎል በሰው አፍ በመልካም መነሣት፤ ይህ ሁሉ በዚያች ልመና ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ከእነዚህም አንዱ ስንኳ ያለ ዝግጅት አይገኝም። ስለዚህ ገበሬው ለሠርግ እንደሚዘጋጅ ሁሉ ለሞትም ይዘጋጃል፤ «ሠርግና ሞት አንድ ነው» የሚለው ተረትም በዚህ ኑሮ ውስጥ ትርጉሙ ግልጽ ነው።

የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ ፈረስ ቤት ከፍኖተ ሰላም በስተ ምሥራቅ ወደ ደጋው ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ብርዷ የሚታወቅ፣ ገብስና ድንች የሚመረትባት አገር ናት። ከዚያ ቁልቁል ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ፣ እርሻውም ወደ በቆሎ፣ ወደ ጤፍና ወደ በርበሬ እየተለወጠ ይሄዳል። አየሩና እህሉ ቢለያይም ሰው የሚሰናበትበት ሥርዓት ግን በዚህ አገር ሁሉ እምብዛም አይለያይም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከእንዝርት ነው። ጥጥ በደጋ ስለማይበቅል ከቆላው ወጥቶ በገበያ ይሸመታል። ባልቴቶች ጥጡን ዳምጠው፣ ባዘቶ አድርገው፣ ዓይናቸው ክር መለየት እስከሚችልበት ጊዜ ድረስ ይፈትሉታል። ከሚፈትሉትም ውስጥ አንዱን ድርሻ ለልጅ ጋቢ፣ ሌላውን ለገበያ፣ የቀረውን ደግሞ ለመግነዛቸው ይለዩታል። ሸማኔው ያንን ሸማ ሲሠራ ለምን እንደሚውል ያውቃል። ሸማው ከተቆረጠ በኋላ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ በሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለቤቲቱም አልፎ አልፎ አውጥተው ብል እንዳይበላው ፀሐይ ያስመቱታል። ይህን የሚያይ የልጅ ልጅ አይደነግጥም፤ አያቱ የራሳቸውን የመጨረሻ ልብስ ሲያናፍሱ እያየ ያድጋል። ዛሬ የፋብሪካ አቡጀዲ የእጁን ፈትል በብዙ ስፍራ ተክቶታል፤ ሆኖም አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጡ አልቀረም።

ከሸማው ቀጥሎ የሚመጣው የነፍስ አባት ነው። እያንዳንዱ ምእመን ኃጢአቱን የሚናዘዝለት ካህን ሊኖረው ይገባል። የነፍስ አባት ሳይኖረው የሞተ ሰው በቀብሩ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጥያቄ ስለሚነሣበት፣ በወጣትነቱ ከካህን የራቀ ሰው ስንኳ ፀጉሩ ሲሸብት ይመለሳል። ብዙዎች በስተርጅና ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ፤ ባልና ሚስት በቁርባን ይታሰራሉ። በቀድሞው ዘመን ከዚህ በላይ ልባቸው የሚሠጋ ሰዎች ልፋፈ ጽድቅ የተባለውን መጽሐፍ በብራና አስጽፈው በቁማቸው ይይዙት፣ ሲሞቱም አብሯቸው እንዲቀበር ይናዘዙ ነበር። ይህን መጽሐፍ እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1929 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተርጉሞ «የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ» ከሚል መግለጫ ጋር አሳትሞታል። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት ብዙዎቹ ግን መጽሐፉን አይቀበሉትም፤ ሰውን የሚያድነው ምግባሩ እንጂ ከጎኑ የተቀበረ ብራና አይደለም ይላሉ።

ሞት በመጣ ጊዜ ቀድሞ የተዘጋጀው ሁሉ በየተራው ሥራ ላይ ይውላል። ዓይን ይከደናል፤ አስከሬኑ ታጥቦ የእጁና የእግሩ አውራ ጣቶች ይታሰራሉ፤ መግነዙ ከሣጥን ይወጣል፤ በላዩ ሰሌን ይጠቀለላል። ጥሩምባ ሲነፋ መንደሩ የያዘውን ሥራ ጥሎ ይመጣል፤ ጎረምሶች መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሌሎች ቃሬዛ ያበጃሉ። ካህናቱ በመጽሐፈ ግንዘት ሥርዓት እየጸለዩ፣ በመንገድ ላይ ሰባት ጊዜ እየቆሙ ፍትሐት ያደርሳሉ። አስከሬኑም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀበራል። በለቅሶው አደባባይ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ያወርዳሉ፤ ሟቹ በጀግንነት የታወቀ እንደሆነ ጠመንጃውና ልብሱ ይወጣል፣ ወንዶችም ይፎክራሉ። አልቃሿ ግጥሟን የምታወጣው ከሟቹ ኑሮ ነው፤ ማንን እንዳጎረሰ፣ ማንን እንዳስታረቀ፣ ከማን እንደ ተወለደ እየጠራች ታለቅሳለች። ስለዚህ ሰው በሕይወቱ ሳለ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ለአልቃሿ የግጥም ስንቅ ማዘጋጀት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከቀብር በኋላ የመታሰቢያው ቀኖች ይከተላሉ፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ከሁሉም የሚበልጠው የአርባው ቀን ተዝካር ነው። ተዝካር ማለት በግእዝ መታሰቢያ ማለት ነው። በዚያ ቀን ካህናትና ደብተሮች፣ የቆሎ ተማሪዎች፣ ነዳያን፣ ጎረቤትና ዘመድ ይበላሉ ይጠጣሉ፤ ስለ ሟቹም ነፍስ ይጸለያል። የቅኔ ቤቶች በበዙበት በጎጃም ተዝካር የደሀ ተማሪ ምግብ ምንጭ እንደ ነበረ ሊዘነጋ አይገባም። የተማሪው ሆድ የጠገበው በከፊል በሙታን መታሰቢያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ከሞት በኋላ ነውና ሟቹ ለሚሆነው ነገር ዋስትና የለውም። ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጆቹ ርቀው የሄዱበት፣ ወይም በወራሾቹ የማይተማመን ሰው ምን ያድርግ? ባህሉ ለዚህ የሰጠው መልስ የቁም ተዝካር ነው። ሰውየው በሕይወቱ ሳለ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ፣ ካህናቱንና ድኾችን ጠርቶ ተዝካሩን ራሱ ያወጣል። በአርባው ቀን ስለ እርሱ ሊደረግ የሚገባውን ድግስ ራሱ በድንኳኑ በር ቆሞ «ብሉ፣ ጠጡ» እያለ ያስተናግዳል። ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ደስታና ሐዘን በአንድ ወንበር ተቀምጠው ያያል።

በደጋ ዳሞት አንዲት ባልቴት ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ለማድረግ ቈርጠው ተነሡ። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዱ ልጃቸው በልጅነቱ ተቀጭቷል፤ ሁለተኛዋ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቈይቷል። የቀራቸው ዘመድ ፍኖተ ሰላም የሚያስተምር የእኅታቸው ልጅ ነው። ለድግሱ የመረጡት ወር ጥር ነበር፤ አዝመራው ተሰብስቦ፣ የገና ጾም ተፈትቶ፣ ዐቢይ ጾም ገና ያልገባበት ወር ነውና ለድግስ ይመቻል። ገብሱን ለጠላ ለይተዋል፤ ጌሾው ተገዝቷል፤ እንጨቱ ተፈልጧል። የሚታረደውም በሬ በደጅ ታስሯል። መምህሩ ይህን በሰማ ጊዜ ሥራውን አስፈቅዶ መጣ።

«አክስቴ፣ ይህ በሬ ቢሸጥ የቤትዎን ክዳን ቆርቆሮ ያለብሰዋል» አላቸው። «ዓይንዎም በሐኪም ቢታይ የሞራው ግርዶሽ ይነሣል። የሞተ ሰው አያይም፤ እርስዎ ግን ገና ያያሉ። ስለምን ያለዎትን በአንድ ቀን ያስበላሉ?»

ባልቴቷ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ አዳመጡት። ከዚያም «ልጄ፣ የበላሁትን ተዝካር ቍጠርልኝ» አሉት። «የአያትህን በልቻለሁ። የእነዚያ የማዶዎቹን በልቻለሁ። በአምሳ ዓመት ውስጥ በዚህ አገር የእኔን እጅ ያላጎረሰ ሙት የለም። እኔ ስሞት ማን ይመልስልኛል? አንተ ነህ። አንተ ደግሞ የወር ደመወዝተኛ ነህ። ሰው ምን ይለኛል ብለህ ተበድረህ ትደግሳለህ፤ በእኔ ምክንያት ዓመት ሙሉ ዕዳ ስትከፍል ትኖራለህ። እኔ ግን ዛሬ የምደግሰው ባለኝ ልክ ነው። የማንንም አፍ አልፈራም፤ ቆሜ አለሁና።»

መምህሩ ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። እርሱ የመጣው ድግሱን እንደ ብክነት ቈጥሮ ነው። አክስቱ ደግሞ ድግሱን ያሰቡት ከሚበልጥ ብክነት ሊያድኑት ኖሯል። የሞተ ሰው ተዝካር የሚለካው በጎረቤት አፍ ነው፤ ወራሹ «አባቱን እንደ ውሻ ጣለው» እንዳይባል ከዓቅሙ በላይ ይወጣል። የቁም ተዝካር ግን የሚለካው በባለቤቱ ጎተራ ነው። ባለቤቱ ራሱ ስላለ ማንም «አነሰ» ብሎ ሊወቅሰው አይችልም።

ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። የነፍስ አባታቸው ተጠሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ተቀመጡ። ካህኑ «መታሰቢያ በሬ ካልታረደ አይሠምርም የሚል መጽሐፍ የለም፤ ለድኻ የተሰጠ ቍራሽ ይበቃል» ብለው በተናገሩ ጊዜ ነገሩ መላ አገኘ። በሬው ሳይታረድ ቀረ። ጠላው፣ እንጀራው፣ ሽሮውና ዳቦው ተሰናዳ፤ ካህናቱ፣ የቅኔ ተማሪዎቹና የሰፈሩ ድኾች በሉ። ባልቴቷ በዕለቱ ነጭ ለብሰው ቆመው ሲያሳልፉ ዋሉ፤ ጥቂት ሴቶች እያዩዋቸው እንባቸው ሲመጣ «ገና ነው፣ አስቀምጡት» እያሉ ያስቋቸው ነበር። በሬው በሚቀጥለው ገበያ ተሸጠ፤ ዓይናቸውም ታከመ። ክዳኑ ግን እስካሁን ሣር ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሊጤን የሚገባው «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ እነዚህ ሁለት ቃላት እንደ መንትያ ተጣብቀው የሚነገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚጦረው ሰው የሚቀብረው መሆን አለበት፤ የሚቀብረውም መውረስ አለበት። በጎጃም የርስት ሥርዓት ሰው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም ወገን ወደ ጥንቱ ባለርስት እየቈጠረ ስለ ነበር ወራሽ ነኝ ባዩ ብዙ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን ይህንኑ በዳሞት አገር ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው ገልጾታል። ተጠሪው በበዛበት አገር ሽማግሌውን የጦረ፣ ሲሞትም በወጉ ቀብሮ ተዝካሩን ያወጣ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ቃሉ ይከብድ ነበር። ተዝካር ስለዚህ የነፍስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመሬትም ጉዳይ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ በዘር እየቈጠሩ ርስት መጠየቅ በሕግ ቀረ። ቃሉ ግን አልሞተም። በአማራ ክልል ገበሬው የይዞታ ደብተር ከተሰጠው ወዲህ «ጦሬያለሁ፣ ቀብሬያለሁ» የሚለው ንግግር በመሬት ውርስ ክርክር ላይ እንደገና ይሰማል። እዚህ ላይ የገጠሩ ሰው በብዛት የሚጎዳበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ለነፍስ አባት በጆሮ የተነገረ ቃል ሁሉን ያጸናል ብሎ ማመኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል የሚደረግ ኑዛዜን በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈቅዳል፤ የሚጸናው ግን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታና ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ብቻ ነው። ከዚህ ላለፈ ንብረት ተናዛዡ በእጁ የጻፈው፣ ወይም በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የተፈረመ ኑዛዜ ያስፈልጋል። የገጠር መሬትም እንደሆነ በክልሉ የመሬት ሕግ መሠረት መታየት አለበት። መምህሩ ለአክስቱ ያደረገላቸው ከሁሉ የሚበልጥ አገልግሎት ምናልባት ይህ ነው፤ ከድግሱ ማግስት አራት ምስክሮች አስቀምጦ ኑዛዜያቸውን አጽፏል፤ በኑዛዜውም ድምጿ የጠፋው ልጃቸው ብትመለስ ድርሻዋ እንዲጠበቅ አድርገዋል።

ተዝካርን መንቀፍ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. በፊትም ሆነ ከአብዮቱ በኋላ የተማረው ክፍል ድግሱን ጎጂ ልማድ እያለ ሲያወግዘው ኖሯል። በነቀፌታው ውስጥ እውነት አለ፤ ለአርባ ቀን ድግስ ሲሉ በሬያቸውን የሸጡ፣ በአራጣ የተበደሩ፣ የልጆቻቸውን የዘር እህል ያስፈጩ ቤተ ሰቦች በሁሉም መንደር ይታወቃሉ። ነገር ግን አስተማሪውና ካድሬው በስብሰባ ላይ «ተዝካር ይቅር» ብሎ ሲናገር ሽማግሌው በልቡ የሚሰማው «አንተ ስትሞት የሚያስታውስህ አይኑር» የሚል ሆኖ ነው። ምክሩ የሚያስቀረው ወጪን ብቻ መስሎት የተናገረው ሰው የሽማግሌውን ዋስትና ሲነካ አላየም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እጅ ወጥቶ የተወሰነው ውሳኔ ማታ በየቤቱ ተሽሯል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በቻይና ገጠር ሽማግሌዎች መግነዛቸውንና የሬሣ ሣጥናቸውን በሕይወታቸው ሳሉ የማሰናዳት የቆየ ልማድ አላቸው። ልብሱን «የዕድሜ ልብስ»፣ ሣጥኑን «የዕድሜ እንጨት» ይሉታል፤ ሣጥኑ በቤት ውስጥ ተቀምጦ ቀለም እየተቀባ ባለቤቱን ይጠብቃል። የተዘጋጀ ሣጥን መኖሩ ለሽማግሌው ዕረፍት፣ ለልጆቹም መልካም ስም ነው። የቻይና መንግሥት የእርሻ መሬትና እንጨት ለመቆጠብ ሲል፣ ማኦ ዜዱንግና ሌሎች መሪዎች በ1956 እ.ኤ.አ. በፊርማቸው ከደገፉት ጊዜ አንሥቶ፣ አስከሬን ማቃጠልን ሲያስፋፋ ኖሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ባለሥልጣኖች ከየቤቱ የሽማግሌዎችን ሣጥኖች እየሰበሰቡ አሰባበሩ። ሽማግሌዎች በገዛ ሣጥናቸው ውስጥ ተኝተው እንዳይወሰድባቸው ሲከላከሉ ታዩ፤ ድርጊቱም በአገሪቱ ጋዜጦች ሳይቀር ተነቀፈ። ዓላማው መሬት ማዳን ነበር፤ የተሰበረው ግን አንድ ሽማግሌ ለዓመታት ሲያጠራቅመው የኖረው የልብ ዕረፍት ነው።

በፈረስ ቤት በዚያ ጥር የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ማንም የማንንም ሣጥን አልሰበረም። ካህኑ ከመጽሐፍ፣ መምህሩ ከሕግ፣ ሽማግሌዎቹ ከልማድ፣ ባልቴቷም ከኑሯቸው ያላቸውን አምጥተው ልማዱን ከውስጡ አቀለሉት። ድግሱ አነሰ፤ መታሰቢያው ቀረ አልተባለም። እድሩም በዚሁ መንገድ ሊረዳ ይችላል። በብዙ ስፍራ እድርተኛው እንጨትና ውኃ፣ እንጀራና ጠላ እያዋጣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፤ ይኸው ማኅበር የድግሱን ልክ በስምምነት ቢወስን «አነሰ» የሚል አፍ አይኖርም፤ ወሳኙ ሁሉም ነውና። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የለቅሶ ስብሰባ በአዋጅ ሲገደብ ሕዝቡ በጥቂት ሰው ቀብሮ በልቡ ማዘንን ተምሮ ነበር። ያ ጊዜ ሲያልፍ ድንኳኖቹ ተመለሱ፤ ልማድ በትእዛዝ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይለወጥምና።

ለኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ ተቀምጦለታል። የዳሞት አልቃሾች ሙሾ፣ የሸማኔው የመግነዝ አሠራር፣ በሰባቱ ማረፊያ የሚሰማው ዜማ፣ በቁም ተዝካር ላይ ባለቤቱ ለእንግዶቹ የሚናገረው የስንብት ቃል፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ትውልድ አፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ነው። የእጅ ፈትሉ በአቡጀዲ፣ ቃሬዛው በጣውላ ሣጥን፣ የአፈር መቃብሩም በሲሚንቶ ሐውልት እየተተካ ሲሄድ ቃሉም አብሮ እየሳሳ ነው። ሙሾዋን የምታውቀው አሮጊት ከመቀበሯ በፊት ድምጿን መቅዳት የአስተማሪውም የደራሲውም ግዴታ ነው፤ ከሞተች በኋላ ለእርሷ የምታለቅስላት እንደ እርሷ ያለች አልቃሽ አትገኝም።

«ሞት ቢዘገይ የቀረ ይመስላል» ይላል ያገራችን ሰው። ባልቴቷ ግን የቀረ አልመሰላቸውም። መግነዛቸው በሣጥን፣ ኑዛዜያቸው በወረቀት፣ ተዝካራቸው በሰው ሆድ ውስጥ ነው። አሁን የሚፈትሉት ጥጥ ለእኅታቸው ልጅ ጋቢ የሚሆን ነው፤ ዓይናቸው ከታከመ ወዲህ ክሩ ቀጥኖላቸዋል ይባላል።